የአቶ ገብረየስ ተራ

ሰልፍ ባለበት ሁሉ አንድ አቶ ገብረየስ አይጠፋም። ማንም ሳይሾመው ሰልፍ ያስተካክላል፣ ጣልቃ የገባውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ የመንግሥትን በጀት ከገዛ ኪሱ የወጣ ይመስል ያብራራል።

የሲኤምሲው ክቡር አቶ ገብረየስ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ገና ጎህ ሲቀድ ካፖርታቸውን ደርበው ከታክሲ ሰልፉ ራስ ይቆማሉ። ወደ ቦሌ ለሚ ይመደባል የተባለው አውቶቡስ መቼ እንደሚጀምር የጠየቀ ሰው መልሱን ከነማብራሪያው ያገኛል። «በጀቱ ጸድቋል። አውቶቡሶቹ ጅቡቲ ደርሰዋል።» በበጋው ጅቡቲ ነበሩ። በበልጉ ሚሌን አለፉ። ክረምት ሲገባ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቀረጥ ይጠብቁ ነበር። ሰው ሲስቅ አቶ ገብረየስ በትዕግሥት ያዩታል። «ሳቅ። ስትሳፈር ታስታውሰኛለህ።»

ቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው ትብለጽም ትስቅባቸው ነበር። ግን ውለታቸው አለባት። ታክሲ በመጣ ቁጥር ሰውየው ራሳቸው አይገቡም፤ በጣም የቸኮለውን በዓይናቸው ፈልገው ተራቸውን ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ የምትቸኩለው እሷ ነበረች።

«እርስዎስ፣ ጋሼ?»

«እኔ አውቶቡሱን ነው የምጠብቀው። ግቢ፣ ልጄ።»

የት ሊሄዱ እንደሚጠብቁ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከኋላቸው የሚቆሙት ወይዘሮ አፀደ ታክሲ ሊገቡ ሲሉ፣ አቶ ገብረየስ «ነገ ተራ ያዙልኝ» አሏቸው። «እሺ» አሉ ወይዘሮ አፀደ። በማግስቱ አቶ ገብረየስ አልመጡም። ቤታቸው በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ሰልፉ ቦታቸውን አልዘጋም። ተራ ያዝልኝ የተባለ ሰው እሺ ካለ ቦታውን ለሌላ አይሰጥም፤ በቃ ተወው ማለት የሚችለው ባለተራው ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ አላሉም። ስለዚህ ከወይዘሮ አፀደ ፊት አንድ ሰው የሚያቆም ክፍተት ቀረ። ታክሲ ሲመጣ ሰዉ ዞሮት ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ ሰልፉ ወደ ግንቡ ይጠጋል፣ ክፍተቱም አብሮ ይጠጋል። ጉም በወረደበት ጠዋት ሁሉም ነገር ሲነጣ እዚያች ቦታ ላይ ጠቆር ይላል። ሳያውቅ ሊቆምበት የሚመጣ ሰው ካለ ሰልፉ በሙሉ፣ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል፣ «ሰው አለው» ይለዋል። ሰውየው ክፍተቱን ያያል፣ ፊታቸውን ያያል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ትብለጽ ክፍተቱን ፈራች። ደግሞም ተራ የሚሰጣት ስላጣች ማርፈድ አበዛች። ተቆጣጣሪዋ «ከእንግዲህ ካረፈድሽ እንዳትመጪ» አለቻት።

በማግስቱ ጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ታየ። ከታክሲ መብራት ከፍ ይላል። አዲስ አውቶቡስ፣ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ሳይነሳ፣ መጥቶ በሩን ክፍተቱ ፊት ከፈተ። ማንም አልተነቃነቀም። ወይዘሮ አፀደ ሰው እንደሚያስቀድሙ ሁሉ ትንሽ ጠብቀው ገቡ፤ ሌላው ተከተላቸው። ከኋላ የነበረችው ትብለጽ ስትወጣ መቆሚያው ሳይቀር ሞልቷል። ባዶ የቀረው ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ብቻ ነው።

«ተቀመጪ እንጂ፣ በሩን ልዝጋው» አላት ሾፌሩ።

«ሰው አለው።»

«የታለ?»

ትብለጽ ባዶውን ወንበር አሳየችው።

«እንግዲያው ውረጂ።»

ትብለጽ ተቆጣጣሪዋን አሰበች። ወይዘሮ አፀደን አየች፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ወንበሩ ይሞቃል፤ ሰው አሁን ገና ተነስቶላት የወረደ ይመስል።

በሩ ተዘጋ። ወደ ውጭ ብትመለከት ቦታ ያጡት ሰዎች እንደገና ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ራስ ያ ክፍተት እንዳለ አለ።

«ዛሬም ለሰው ሰጡት» አለች ትብለጽ።

«ምን ይደረግ፣ አመላቸው ነው» አሉ ወይዘሮ አፀደ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።