ዲጋ ላይ የተለቀሰላቸው የጃዝ ሰዎች

ጥሩንባ እኛ ዘንድ፣ ወለጋ ዲጋ፣ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ሰው ሲሞት ማለዳ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፤ አለቀ። ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም፣ ለመዝናናትማ ጭራሽ! በሌላው ዓለም ሰው ከረባት አስሮ በጥሩንባ እንደሚዝናና፣ ነፍቶም በሸክላ አስቀርጾ እንደሚሸጥ የሰማሁት በስተርጅና ነው። ብቻዬን ብሰማው ደግ ነበር። ችግሩ ሰፈሩን ሁሉ አሰማሁት።

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ አስካለ፣ ከአንተ ጋር ከማውራት ከበሬዎቹ ጋር ማውራት ይሻላል፣ እነሱ ቢያንስ ጆሯቸውን ያንቀሳቅሳሉ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዛሬ ይህን ሁሉ መጻፌ ራሱ የደረሰብኝ ነገር ቀላል አለመሆኑን ያሳያል።

ከግቢያችን ጓሮ ባለችው ትንሽ ቤት መምህር ዮናታን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ተከራይቶ ነበር። ሲመጣ ፍራሹን ረስቶ አንድ ሳጥን ሙሉ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ማታ ማታ እየጠራኝ፣ «ጋሼ በላይ፣ ይሄ ጃዝ ይባላል፤ አባቶቻችን ጎረምሶች በነበሩበት ዘመን አሜሪካ የተቀረጸ ነው» ይለኛል። እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንዱ ጉዳዩን ይናገራል፤ ሌሎቹ ከሥር ከሥር ይከተሉታል፤ እሱ ሲበቃው ሌላው ይቀበለዋል። ዮናታን ይህን ሲያስረዳኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሽምግልና ማለት ነው! ሰው ሲናገር ዝም ማለት ያቃተው ከበሮ መቺው ብቻ ነው፤ እንደሱ ያለ ሰው ደግሞ ከየትኛው ሽምግልና ይጠፋል?

ልቤን የወሰደው ግን አንዱ ጥሩንባ ነፊ ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ በሰማያዊ ፎቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይታያል። ይህ ሰው ትንሽ ይነፋና ዝም ይላል። ያስባል። ደግሞ ትንሽ ይነፋል። ዮናታን «የዚህ ሰው ጥበብ ዝምታው ላይ ነው» ሲለኝ አስካለን ጠርቼ ድገምላት አልኩት።

ከዚያ መምህሩ ወደ ነቀምቴ ተዛወረ። ቤት እስኪያገኝ ሳጥኑንና ማጫወቻውን አደራ ብሎኝ ሄደ። በዚያው ሰሞን ልጃችን ቢላ ከተማ ስለወለደች አስካለም ልታርሳት ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ። ዝምታ የሚጥመው ለካ የሚነዘንዝህ ሰው ሲኖር ነው! አንድ ምሽት ወደ ጓሮ ቤት ሄድኩና ሰማያዊውን ሰውዬ አስቀምጬ መርፌውን ጫንኩበት። ምንም የለም። የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አሁንም ምንም የለም። እኔ በያዝኩት የሶላር ፋኖስ ስለማይ መብራት ከሄደ መቆየቱን በምን ልወቅ? ሰውየው ዛሬ መናገር አልፈለገም ብዬ እንዳለ ትቼው ተኛሁ። መብቱ ነው።

ጎህ ሲቀድ መብራት መጣ።

ጥሩንባው ሲያስተጋባ ከአልጋዬ ዘለልኩ። ለደቂቃም ስለ ሸክላው አላሰብኩም፤ የእድራችን ነፊ ኦቦ ፉፋ በጓሮዬ መንገድ የሚያልፍ መሰለኝ። ማን ይሆን የሞተው? ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ቤቱን ዘግቼ ነፊውን ልጠይቀው በታች በኩል ዞርኩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። በላይ በኩል ግን ሰው ይተማል። ተከተልኩት። ለቅሶኛው ሁሉ ታጥፎ የገባው፣ እሱ ይመስገንና፣ የእኔ ግቢ ነው።

ከፊቴ ያለውን ሰው ማን ነው የሞተው ብዬ ጠየቅሁት። ዞር ሳይል «በላይ ነዋ፣ ምስኪን! በሩም አልተከፈተ» አለኝ። ለአፍታ እውነት መሰለኝ፤ ነፊ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም።

ደጃፌ ላይ ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። «ያ በላይ! ያ ነመ ጋሪ!» ትላለች በኦሮምኛ። ደግ ሰው መባሌን ወደድኩት። ቀጥላ ደግነቴን ልትዘረዝር ስትሞክር ግን ተቸገረች። «አንተ ዝምተኛው! አንተ... አንተ በሬህን ለሰው የማታውሰው! አንተ... አጥርህ ጠንካራው!» ከዚያ በላይ አላገኘችም። ሌላ ነገር እንዳትጨምር ብዬ ጋቢዬን ገለጥኩ። ጩኸቱ ያኔ ነው የባሰው።

ሲረጋጉ ጥሩንባው ከጓሮ ቤት፣ ከሸክላው እንደሚወጣ ሁሉም ገባው፤ ፊቱም ተለወጠ። ለምን መሰላችሁ? አንድ ሰካራም በጥሩንባ ሰፈሩን በከንቱ ካስወጣ ወዲህ እድራችን ደንብ አለው፤ ሬሳ ሳይኖር ጥሩንባ ያሰማ ከእድር ይሰረዛል። ይህን ደንብ ተነስቶ ያስጸደቀው ማን ነው? እኔ ነኝ። በሕይወቴ ያደረግሁት ረጅሙ ንግግር እሱ ነው። በእኔ ዕድሜ ከእድር መሰረዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ነገ ስሞት ማን ሊሸከመኝ ነው? በሬዎቹ?

በዚህ መሃል ኦቦ ፉፋ ጥሩንባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያለከለከ ደረሰ። በእኔ ቦታ የነፋው ማነው ብሎ ሊደባደብ ነበር። ሸክላው ግን ገና አላለቀም። ቆሞ አዳመጠ። «ይሄ ሰው ሐዘን አለበት» አለ በመጨረሻ። «ግን ስም አይጠራም። ስም ሳይጠሩ መርዶ አለ እንዴ?»

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ ዞረ። «ኦቦ በላይ፣ ደንቡን ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሬሳ አለ ወይስ የለም?»

እኔም እንደ ሰማያዊው ሰውዬ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ለዮናታን ደወልኩ። «ጋሼ! ሸክላው ተሰበረ እንዴ?» አለ በእንቅልፍ ድምፅ። ሰማያዊው ነፊ በሕይወት አለ ወይ አልኩት።

«ኧረ ሞቷል ጋሼ፤ ቆየ እኮ!»

ሌሎቹስ ስለው፣ «ፒያኖ ተጫዋቹም፣ ከበሮ መቺውም፣ አንድም የቀረ የለ» አለኝ።

አዴ ጫልቱ «ሁሉም?» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ኦቦ ገመዳ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ ሬሳ አለ። ጥሩንባው ትክክል ነው» ብሎ ፈረደ። ከኋላ አንዱ፣ ሟቾቹ መች መዋጮ ከፍለው ያውቃሉ ብሎ ተነሳ። ኦቦ ፉፋ አላስጨረሰውም፤ «ነፊ መዋጮ አይከፍልም! እኔስ መች ከፈልኩ?» አለው።

ተረፍኩ ብዬ ስተነፍስ ዳኛው አልጨረሰም ነበር። ለቅሶ ያለ ባለቤት አይሆንም፤ የእነዚህ ሰዎች ዘመድ ማነው ሲል ሁሉም እኔን አየ። ሦስት ቀን ደጃፌ ላይ ለአሜሪካኖች ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል፤ ከዚያ ሟቾቹን እናዳምጥ ይላል። ከበሮ መቺው በሕይወት ሳለ ሊመከር ይገባው እንደነበር ሁሉም ተስማማ። ከቢላ የተመለሰችው አስካለ ከበር ጀምራ እየጮኸች ገባችና ንፍሮ ስበላ አገኘችኝ። ያኔ የጮኸችብኝ ጩኸት ከለቅሶው ይበልጣል።

ለቅሶው ሲበተን ኦቦ ገመዳ ሳጥኑን ከፍቶ አየ። እነዚህስ አለኝ። እነሱም ሞተዋል አልኩት። የሸክላውን ብዛት እያየ በረጅሙ ተነፈሰና «በቆሎው ከገባ በኋላ በየተራ እንቀመጥላቸዋለን» አለ።

ትናንት ዮናታን ደወለ። ነቀምቴ ቤት አግኝቷል፤ ቅዳሜ መኪና ይዞ መጥቶ ሳጥኑን ሊወስድ ነው። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። አስከሬን ያለ እድርተኛው ፈቃድ ከግቢ አይወጣም ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።