አርብ አርብ የሚበረታ ዝናብ

ውሸታም ሰው እውነት የተናገረ ቀን ከሚደርስበት መከራ ይሰውራችሁ። ውሸቱንማ ማን ይነካበታል? እኔ ራሴ ቁመቱ ከጀጎል ግንብ የሚስተካከል ጅብ አየሁ ብዬ አውርቼ፣ «እኔ ያየሁትስ!» እያለ የሚጨምርልኝ በዛ እንጂ ማስረጃ የጠየቀኝ ሰው የለም። በስተርጅና እውነት ልጻፍ ብዬ ስነሳ ግን የደረሰብኝን ጉድ ስሙኝ።

ሰብለ የምትባል የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ በጋው ሲገባ ሐኪም በሚባለው ጋራ ላይ ካለው ግቢዬ መጣች። የምታጠናው የአየር ንብረት ለውጥን ነው። ዓለም ትኩሳት ይዟታል፤ ትኩሳቱን ለማወቅ በየአገሩ፣ በየጋራው፣ በየጓሮው ዝናብ መለካት አለበት አለችኝ። እኔ ደግሞ ይህን የሚያህል ነገር በሳተላይት ተመልክተው የሚጨርሱት ይመስለኝ ነበር። ሳተላይትም ቢሆን የሚታመነው መሬት ላይ ያለ ሰው ሲመሰክርለት ነው አለች። ለዚህ ምስክርነት ከሐረር ሰው ሁሉ ማን ቢመረጥ ጥሩ ነው? እኔ! ጎረቤት ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። «ዝናቡን ለእሱ ከሰጡትማ መርከብ እንሥራ» ያለም አለ።

የዝናብ መለኪያው ዕቃ አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ነው፤ አጥሬ ጥግ ግንድ ላይ ተተከለ። ከላይ የገባው ውሃ በማጥለያ ወርዶ ውስጥ ካለው ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ ይጠራቀማል። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሩን አንብቤ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ውሃውን እደፋለሁ። «ጋሼ፣ የሚመስልዎትን ሳይሆን መስታወቱ የሚለውን ብቻ ይጻፉ» ስትለኝ ዐይኔን ትክ ብላ አየችኝ። ማን ነግሯት ይሆን?

ማልሁላት። መሐላዬንም ጠበቅሁ። ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ በጥር ወር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቶ ሳለ፣ መስታወቱ በየማለዳው አራት ሚሊ ሜትር ይላል። መሬቱ ደረቅ፣ ቅጠሉ ደረቅ፣ መስታወቱ አራት! አርብ ሲሆን ደግሞ ስምንት። እኔ ምን አገባኝ? የሚመስልህን አትጻፍ ተብያለሁ፤ ጻፍኩ። ጤዛ ይሆናል አልኩ። ቆይቼ ደግሞ ጸሎቴ ይሆናል አልኩ፤ ጸሎቴ እንዲህ የሚሰማ ከሆነ ከዕቃው አንድ እርምጃ ርቆ የተተከለው ሽንኩርቴ ለምን በውሃ ጥም እንዳለቀ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

በወሩ መጨረሻ ሰብለ አንገቷን ደፍታ መጣች። መምህሯ ደብተሩን አይቶ፣ አርብን ከሐሙስ ለይቶ የሚያውቅ ዝናብ በየትኛው ዓለም ነው ያለው ብሎ ጠይቋታል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብተሩን ከጥናቱ አወጣዋለሁ፤ ዕቃውንም ሌላ ሰው ግቢ ልተክለው ነው።»

ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ! ይባስ ብላ ባለቤቴ፣ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተው፣ የሰው ልጅ ትምህርት አታበላሽ፤ እውነቱን ንገራት» አለችኝ። አያችሁ? በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነት ብይዝ ገዢ የሌለው ዕቃ ሆነብኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገ በንጋት ነይና ዕቃውን አብረን እንጠብቅ» ብዬ ለመንኳት። ለሽበቴ አዝና መጣች።

ጎህ ሲቀድ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተቀመጥን። የሱብሂ ሶላት እንዳለቀ በቁልቋሉ አጥር በኩል ኮቴ ተሰማ። ጎረቤቴ ሐጂ ዑመር ናቸው፤ ሶፊ በሚባል ገጠር ጫት ሲያለሙ ኖረው ካረጁ ወዲህ አጠገቤ ቤት የሠሩ ሰው። በእጃቸው ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘዋል። ግራ ቀኝ አዩ። «ቢስሚላህ» ብለው ቆርቆሮው ውስጥ አንቆረቆሩ! ቀኑ አርብ ነበርና ደገሙት።

ዘልዬ ወጣሁ። «ሐጂ! ምን እያደረጉ ነው?»

እሳቸው እቴ፣ ሊደነግጡ! «ዝቅ አድርገህ ተናገር፤ ሰደቃ ነው» አሉኝ። «ሰደቃ ደግሞ በድብቅ ነው። አንተ ለወፍ ብለህ ዕቃ ሰቀልክ፣ ከዚያ ደረቁን ተውከው። ውሃ የሌለበት ዕቃ እያሳየህ ወፍ ታሳቅቃለህ? አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ እንዳያመልጥህ ብዬ በየቀኑ ስሞላልህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በማግስቱ ጠጥተው ጨርሰውት አገኘዋለሁ!»

ጠጪው እኔ ነኛ! የምደፋው እኔ! አንዲት ወፍ መንቆሯን ያራሰችበት የለም። ልናገራቸው አፌን ስከፍት ሐጂ ድምፃቸው ሰለል አለ። «እዚያ ሶፊ፣ ማሳዬ ግርጌ የነበረው ምንጭ ደርቋል። ሲደርቅ አባቴ አላየውም፤ እኔ አየሁት። ወፎቹ ወደ ከተማ የወረዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ተከትለውኝ የመጡ ነው የሚመስለኝ» አሉ።

ሰብለ እኔን ትታ አዲስ ደብተር አወጣች። ምንጩ መቼ ጀምሮ ቀጠነ፣ የትኞቹ ወፎች ቀድመው ሄዱ፣ ዝናቡ ስንት ሳምንት ይዘገያል፤ ጠየቀች፣ ጻፈች። ሐጂ የተናገሩትን ሁሉ አመነች። አንድ ጊዜ እንኳ ዐይናቸውን ትክ ብላ አላየችም! የእኔ ደብተር እውነተኛነቱ ቢረጋገጥም፣ የለካው የሐጂን ማንቆርቆሪያ እንጂ ሰማዩን አይደለም ተብሎ የጥር ወር ገጽ ተሰረዘ። ዕቃው ግን ከግቢዬ አልተነሳም። አጠገቡ ለወፎቹ ገበቴ ተቀመጠ። ደብተሩ ላይም ሁለተኛ ፊርማ ታዘዘ፤ የሐጂ።

በመጋቢት የሐረር ሰማይ ተቀደደ። ጠዋት ሄጄ መስታወቱን ሳይ ስልሳ ሁለት! ይህን ከእኔ አፍ ማን ያምናል? ስለዚህ ፈርቼ፣ ለልጅቷም አስቤ፣ ለስሜም ሳስቼ፣ አርባ ብዬ ጻፍኩና ሐጂን ለፊርማ ጠራኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። መስታወቱን አዩ፤ ደብተሩን አዩ። እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

«ወላሂ አልፈርምም» አሉ። «የአላህን ዝናብ ለምን ትሰርቃለህ?»

ሰባ ዓመት ስጨምር ዝም ያለኝ አገር፣ አንድ ቀን ብቀንስ ሌባ አለኝ!