የዘሀራ ስሌትና «ምን ይጠቅማል» ባዩ

ልጆቹ «እምዬ፣ ያን የተቆጡበትን ቀን ያጫውቱን» እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው ይህን የማወጋችሁ። ያልገባውን ነገር ሁሉ «ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከወግዲ እስከ ደጎሎ ስዞር ብዙ አይቻለሁ፤ የከፋው ግን መካነ ሰላም ላይ ሱቅ ያለው የገዛ ልጄ ይመር ነው።

የልጅ ልጄ ዘሀራ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታጠናለች። ቁጥሮቿ እንደ ሳምንት ቀናት ዞረው ይመለሳሉ። ከቁጥር ረድፎች ጥቂቱን ትመርጣለች፤ የቀረው ረድፍ ሁሉ ከተመረጡት ካንዱ ወይም ከብዜቱ ቢለይ ባንድ ቦታ ብቻ እንዲለይ። ጥያቄዋ፣ ቢያንስ ስንት መምረጥ ይበቃል ነው። ፊደል ላልቆጠርኩት ለእኔ እንኳ እስኪገባኝ አስረድታኛለች።

አባቷ ስለሞተ ያሳደጋት ይመር ነው። ትምህርቷን አስቁሞ ሱቅ ሊያስቀምጣት ሽማግሌ ሰበሰበ። ለደም ካሳ እንኳ ያን ያህል ጥምጣም ተደርድሮ አላየሁም።

«ስሌትሽ ስንት ኩንታል ስንዴ ያወጣል?» አላት።

«ስንዴ አያወጣም፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ምን ይጠቅማል? ሱቅ ትቀመጥ።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ስትወለድ ምን ይጠቅማል ብዬ ጠይቄ ነበር? ብጠይቅማ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥህ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢ ሸሸጉ፤ ዘሀራም ሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተሳፈረች።

የሚያናድደኝ አለማወቁ መሰላችሁ? አላህ ያልገለጠለትን ማን ይወቅሰዋል? እሱ ያልገባበትን በር በሌላው ላይ መቆለፉ ነው።

ከዓመታት በኋላ ዘሀራ ነገረችኝ። የስሌቷ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ስሌት፣ በጥቂት የውርርድ ወረቀት የኳስ ውጤቶችን ቢበዛ አንድ ጨዋታ ብቻ ስቶ ለመገመት ያገለግላል። ይመርም ሱቁን ሊያስረክባት የቸኮለው፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ቤቲንግ ቤት ሊውል ኖሯል።