የመምህር ግዛው «ገባችሁ?»

በዚህ ከተማ የኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ አንድ መምህር ግዛው አስተምሮታል። ስሙ ይለያይ ይሆናል እንጂ ሰውየው ያው ነው፤ ኪሱ ጠመኔ በጠመኔ የሆነ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር በተናገረ ቁጥር «ገባችሁ?» የሚል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይለዋል። እሱ አያምንም። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ የተማሪዎቹን ግንባር በተራ ይቃኛል፣ የተኮሳተረች አንዲት ግንባር ያገኛል፣ «አልገባችሁም። እንደገና» ይልና ሰሌዳውን አጥፍቶ ከሀ ይጀምራል።

የጀሞው ክቡር መምህር ግዛው ግን የዓይነታቸው አውራ ስለሆኑ አንቱ እንበላቸው። ፀጉራቸው የሸበተው ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ ባለው ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ሲያስተምሩ ነው። ዘንድሮ ኮሌጁ የማታና የቅዳሜ ተማሪዎቹን ኮርሶች ኦንላይን ለማድረግ ወሰነና መምህራኑን የምታግዝ የኮርስ ዲዛይነር ቀጠረ። ከድጃ ትባላለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ የመጀመሪያ ኮርሷም የመምህር ግዛው ሆኖ አረፈው።

ከድጃ በሠለጠነችው መሠረት ከመጨረሻው ጀመረች።

«ጋሽ ግዛው፣ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን ማድረግ ይችላል?»

«ይመረቃል።»

«ማለቴ፣ ምን ያውቃል?»

«እሱን ፈተናው ላይ ነው የምናየው።»

ትምህርቱን በአጫጭር ቪዲዮ እንከፋፍለው፣ አንዱ ከስምንት ደቂቃ አይብለጥ አለቻቸው። መምህሩ በአዘኔታ አዩዋት። «ልጄ፣ ስምንት ደቂቃ ስም መጥሪያዬ ነው።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ስቱዲዮ የሚባለው ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ የተለበጠ የቀድሞ ዕቃ ቤት ነው። ካሜራው ሲበራ መምህር ግዛው የተማሪዎችን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመሩ። ማንም «አቤት» አላለም። ሁሉንም ቀሪ አደረጓቸውና ወደ ካሜራው ዞረው «ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ» ብለው ስለ አማካይ ማስረዳት ያዙ። ጥሩ አድርገው አስረዱ። ከዚያ «ገባችሁ?» አሉና ጠበቁ። ስፖንጁ ምን ይመልስ። «አልገባችሁም። እንደገና።» ቀኑን ሙሉ ከአማካይ ሳያልፉ ዋሉ።

ከድጃ ያልሞከረችው የለም። የሚሉትን ጽፋ እንዲያነቡት ሰጠቻቸው፤ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ እንደሚያነብ ሰው አነበቡት። የተማሪዎች ፎቶ አሳትማ በካሜራው ዙሪያ ለጠፈች፤ ጥቂት አይተው «እነዚህ አይከታተሉም፤ ምን ብናገር ፊታቸው አይለወጥም» አሏት። በመጨረሻ «እባክዎ ገባችሁ አይበሉ» ብላ ለመነቻቸው። እሺ አሉ፤ እውነትም ተዉት። ግን ቃሉ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ማስነጠሱ የጠፋበት ሰው መስለው አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ዲኗ ዶክተር አምሳለ ስቱዲዮ ድረስ መጡ። የመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ዓርብ ካላለቀ ኮርሱን ለኖላዊ እሰጠዋለሁ አሉ። ኖላዊ ካሜራ የማይፈራ ወጣት መምህር ነው። ኮርሱ ከእንግዲህ በክፍል ስለማይሰጥ ለኖላዊ ከሄደ መምህር ግዛው የሚያስተምሩት ነገር አይኖራቸውም። እውነቱን ለመናገር ከድጃ በሆዷ ቅልል ብሏት ነበር። መምህሩ አልተከራከሩም። «ኖላዊ ጎበዝ ልጅ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉና ጋውናቸውን አውልቀው አጠፉት፤ ከዚያ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ይዘውት ቆሙ። ያኔ አንጀቷን በሉት።

ሐሙስ ጠዋት ከድጃ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ተነሳች፣ ወንበር ሳበችና ካሜራው ሥር ቁጭ አለች። «ዛሬ ተማሪዎ እኔ ነኝ፤ ይጀምሩ።» ስሟን ጠሩ። «አቤት» አለች። የዕለቱ ትምህርት ስለ መበታተን ነበር። ከድጃ ስታቲስቲክስን ሸምድዳ ያለፈች ናት፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

«ገባችሁ?»

«አዎ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልገባሽም።»

«ገብቶኛል ጋሽ ግዛው። ይቀጥሉ፣ እየተቀረጸ ነው።»

«አፍሽ አዎ ይላል፤ ግንባርሽ አይልም። የት ነው የምትኖሪው?»

«እዚሁ ጀሞ።»

«እንግዲህ ስሚኝ። አንድ ቀን ታክሲ ወዲያው ታገኛለሽ፤ በማግስቱ አንድ ሰዓት ትገተሪያለሽ። መካኒሳ ያለች ጓደኛሽ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች። አማካያችሁ አንድ ነው። ከቤቷ መቼ መውጣት እንዳለባት የምታውቀው ማናችሁ ናት?»

«እሷ።»

«አማካዩ ይህን ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«መበታተን እሱ ነው፤ አማካዩ የደበቀሽ። አሁን ገባሽ?»

ገባት። ከስንት ዓመት በኋላ እውነትም ገባት። መምህሩ ግንባሯን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ። ዓርብ ከሰዓት ምዕራፉ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያሉትንም ምዕራፎች ያስተማሩት ለከድጃ ግንባር ነው።

ቀረጻውን ስታስተካክል የሥራው ደንብ ዝምታውን ቁረጪ ይላል። ቆረጠችው። ቪዲዮው ጥርት አለ፤ መምህር ግዛው ግን ከውስጡ ወጥተው ሄዱ። ሰውየው ታች ሻይ እየጠጡ እሷ ፎቁ ላይ ሆና ናፈቋት። ስለዚህ የራሷን ድምፅ ብቻ ቆርጣ አወጣችና «ገባችሁ?»ን ከነዝምታው፣ «አልገባሽም»ንም እንዳለ መለሰችው። ወንዶቹ ተማሪዎች ይታገሱ።

ዶክተር አምሳለ ቪዲዮውን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይሄ ባዶ ቦታ ምንድነው? ስህተት ነው?»

«አይደለም ዶክተር። የተማሪው ተራ ነው።»

ኮርሱ ከተከፈተ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ከድጃ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍራ ሳለ ከፊቷ የተቀመጠች ሴት ስልክ ላይ ነጩን ጋውን አየች። ሴትየዋ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ትከታተላለች። ዝምታው የሚመጣበትን ቦታ ከድጃ በቃሏ ታውቀዋለች። ቦታው ደረሰ። ሴትየዋም ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ድምፅዋ ለሰው መሰማቱን ረስታ «ኧረ አልገባኝም» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት።

ከድጃ ስልኳን አውጥታ ደወለችላቸው። «ጋሽ ግዛው፣ ታክሲ ውስጥ አንዲት ተማሪ መለሰችልዎት።»

«ምን አለች?»

«አልገባኝም አለች።»

ይከፋቸው ይሆን ብላ ሰግታ ነበር። ድምፃቸው ግን ክፍል እንደገባ ሰው ሞቅ አለ።

«የቱ ጋ?»

«እሱን አላወቅኩም።»

«ወርዳለች?»

«ኧረ እዚሁ ናት።»

«ታዲያ ጠይቂያት እንጂ ልጄ።»

ረዳቱ መካኒሳ ወራጅ አለ ወይ እያለ ነበር። ከድጃ ስልኩን ሳትዘጋ እጇን ዘርግታ የማታውቃትን ሴት ትከሻ መታ መታ አደረገች።