ክቡር መስሎኝ

ትዕቢት እንደ አፍ ጠረን ነው፤ አገር ሲሸሽ ባለቤቱን አይሸተውም! ሊቃውንቱ ቃሉ «ዐብየ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ወጣ፣ ትርጉሙም ትልቅ ሆነ፣ ገነነ ነው ይሉናል። ይሁንላቸው። ለእኔ ግን የቃሉ ትርጉም የመጣልኝ ከሱዳን ወሰን ነው...

ዘመኑ ደርግ ነው። መተማ ውስጥ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርሁ። ሦስት ወር እንደተቀመጥሁ ዐረብኛን የጨረስሁት መሰለኝ። አንድ ቀን ሱዳናዊው ሻይ ሻጭ ሐጂ ኢድሪስ ዘንድ ገባሁና፣ ሻዬን በማር መጠጣት ፈልጌ፣ «በበሰል ያድርጉልኝ!» አልኋቸው።

«ልጄ፣ በሰል ሽንኩርት ነው። ማር ዐሰል ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ተሳሳትሁ ከማለት ሞት ይሻላል! «አውቃለሁ! በሽንኩርት ነው የፈለግሁት!»

አመጡልኛ! እናንተ፣ ሽንኩርት የተከተፈበት ሻይ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንባዬ እየወረደ፣ «ግሩም ነው!» እያልሁ ጨለጥሁት። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ያ ሙተከቢር!» አሉኝ።

ሙተከቢር... ከቢር... ክቡር! ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ?

በሳምንቱ የማዶ ሰዎች ግመሎች ወሰን ተሻግረው የአንዱን ገበሬያችንን፣ የአያ ታከለን ማሽላ ሙልጭ አድርገው በሉት። ግመለኞቹ ዱላቸውን፣ አያ ታከለ ምንሽራቸውን ይዘው ለሽምግልና ተቀመጡ። ነገሩ ለደም አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

«ሐጂ ያስተርጉሙ» ተባለ።

«እኔ እያለሁ?» ብዬ ብድግ አልሁ። ማንነቴን ላስተዋውቅ ደረቴን ነፋሁና፣ «አና ሙተከቢር!» አልሁ።

ግመለኞቹ በሳቅ ፈነዱ! ሽማግሌያቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡና አንድ ነገር ተናገሩ። ሐጂ ወደ አማርኛ መለሱት፦

«‹እኔ ትዕቢተኛ ነኝ› ነው ያልኸው፣ ልጄ። እሳቸውም ‹በእኛ አገር ትዕቢት ያለበት ሁሉ ይክዳል፤ ያመነ ሰው ገና ዛሬ አየሁ› ይላሉ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አያ ታከለ እንኳ ምንሽራቸውን ጥለው ሆዳቸውን ይዘዋል። ሲስቅ የዋለ ሰው አይገዳደልም፤ ግመለኞቹ አንድ ግመል ክሰው ታረቁ።

አንገቴን ደፍቼ ሹልክ ልል ስል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጮኹ።

«ቆይ፣ ጓድ! ግለ ሂስ አድርጉ ስንል ሁላችሁም ‹ጉድለቴ ሥራ ማብዛቴ ነው› ትላላችሁ። ይኸው ጓድ ጸሐፊ በሕዝብ ፊት፣ ያለማንም ግፊት፣ ያውም በባዕድ ቋንቋ ራሱን አጋለጠ! አጨብጭቡለት!»

ተጨበጨበ። ቀና አልሁ። ምን ልበላችሁ... ያን ዕለት በትሕትና የሚያህለኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ!