ጾመኞችን በፉል ማስታረቅ

ሰው አስታራቂ የሚሆነው ሰላም ስለሚወድ አይደለም። ጠቡ ወደ ቤቱ እየመጣበት ስለሆነ ነው! የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍረዱ።

ብርቱካንና ዘይነባ በስደት በምንኖርበት በሳጃና ሰፈር ከእኔ ጎን ያለችውን ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። አንዷ የጎንደር ክርስቲያን፣ አንዷ የወሎ ሙስሊም፣ ሁለቱም ሰው ቤት ይሠራሉ። በዚያ በነሐሴ ሙቀት ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ቬንቲሌተር ግራና ቀኝ መዞሩን ተወና ወደ ብርቱካን አልጋ ብቻ ይነፍስ ጀመር። ዘይነባ "አውቀሽ ነው ያበላሸሽው" አለቻት። ተኮራረፉ። በአምስተኛው ቀን ዘይነባ ሶባ የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት ልትፈልግ፣ ብርቱካን ደግሞ እኔ ክፍል ልትገባ ቆረጡ። ብርቱካንን እወዳታለሁ... ግን በመሃላችን ግድግዳ ሲኖር ነው። ስታንኮራፋ ጣራው ይንቀጠቀጣል።

ከአንድ ትሪ ካልበሉ እርቅ አይባልም ብዬ ዓርብ ምሳ ጠራኋቸው።

"ረመዳን ነው እኮ እህቴ" አለች ዘይነባ።

አፈርኩ። "እሺ፣ ማፍጠሪያ ላይ፣ መግሪብ ሲል ኑ።"

አዛን እንዳለ መጡ፤ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ፉሉን አይብ ፈርፍሬበት፣ እንቁላል ከትፌበት በኩራት አቀረብኩ። ብርቱካን እጇን ሰበሰበች።

"ዓርብን እንኳ ብትረሺ፣ ፍልሰታ ነው እኮ።"

የሁለቱ ጾም መገጣጠሙን ከሳጃና ሰው ሁሉ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ብርቱካን ሻንጣዋን ይዛ በሬ ላይ ቆማ በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝ። ተርበተበትኩ።

"ኧረ ትንሽ ቅመሺ፣ ጨዉ ልክ ነው" አልኩ። "ቀን ሦስቴ ቀምሼዋለሁ።"

ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ቀን?" አለች ዘይነባ።

"ከነአይቡ?" አለች ብርቱካን።

"ወላሂ ብርቱዬ፣ ይቺ ሴትዮ የማንንም ጾም አትጾምም።"

"እኔ ደግሞ አብሬያት ልኖር ነበር" አለች ብርቱካን እያማተበች።

"ያላ ተነሺ፣ ቤታችን ምስር አለ።"

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። ሶባም ቀረ፣ ሻንጣም ቀረ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

"ታረቃችሁ ማለት ነው?"

ዘይነባ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"እኛ መቼ ተጣላን? የተጣላነው ካንቺ ጋር ነው።"