የጥርሴ ማርክ

ነጭ ነገር ሁሉ ደግ ነው ያለው ማነው? የፊት ጥርሴ ላይ የኖራ ጠብታ የመሰለች ነጥብ ሳይ፣ ጥርሴ በስተርጅና ሊነጣ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቡራዩ ያለችው የጥርስ ሐኪም ግን አየችና ራሷን ነቀነቀች። የሐኪም ራስ መነቅነቅ ታውቁ የለ? ከመርፌ ይብሳል።

“አባባ፣ ጥርስ መበስበስ ሲጀምር እንዲህ ነው” አለችኝ። “የላይኛው ሽፋን ማዕድኑን እያጣ ነው። ቅባት እቀባልዎታለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንለካዋለን። ማዕድኑ ከተመለሰ እሰየው፤ ካልሆነ ቦርቡረን እንሞላዋለን።”

እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ ጥርሴ ላይ አስደግፋ ብርሃን ለቀቀችበት። መሣሪያው ቁጥር አወጣ፤ አሥራ ዘጠኝ። ትርጉሙንም አስረድታኛለች፤ ልቤ ግን ዕቃው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መቦርቦሪያ ላይ ነበር። ያ መቦርቦሪያ ሱሉልታ ቢወሰድ ለከተማው ሁሉ የሚበቃ የውኃ ጉድጓድ ያወጣል።

አሥራ ዘጠኝ ከመቶ ከሆነማ ወድቀናል አልኩ።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። እኔ ግን ለሥጋ ዘመዴ ያልሆንኩትን ሆንኩለት። ስኳር እርም አልኩ። ጥዋት ማታ ስፍቀው፣ የቡራዩ መፋቂያ አልቆ ነጋዴዎቹ መናገሻ ጫካ ገቡ።

ቀኑ ደረሰ። እንዳልጠፋ ብላ ባለቤቴ ጫልቱ ተከትላኝ መጣች። ወንበሩ ተንጋለለ፣ አፌ ተከፈተ፣ ብርሃኑ በራ።

“አሥራ ሁለት” አለች ሐኪሟ። ቀጥላም፣ “ወርዷል።”

ላብ አጠመቀኝ። ምላሴን ሰደድኩ፤ ጥርሴ ቦታው ላይ ነው። የወረደው እንግዲህ ማርኩ ነው። የወንበሩን ብረት እንዴት አድርጌ እንደጨበጥኩት፣ የጣቶቼ ምልክት ዛሬም አለ። እጇ ወደ ዕቃው ጠረጴዛ ሲሄድ ጊዜ ያዝኳት።

“የኔ ልጅ፣ ማሟያ ፈተና የለውም?”

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። “አባባ፣ ይሄ እንደ ትምህርት ቤት አይደለም እኮ። ቁጥሩ ከጨመረ ጉዳቱ ጨመረ ማለት ነው። የእርስዎ ወረደ፤ ማዕድኑ እየተመለሰ ነው። መቦርቦር የለም።”

ነፍሴ ስትመለስ አፌም አብሮ ተመለሰ። ከፉሪ እስከ ሰበታ እንዲህ ራሱን የሚጠግን ጥርስ የለም፤ መሣሪያው ራሱ ደንግጦ ብልጭ ድርግም ሲል አይቻለሁ አልኳቸው።

ጫልቱ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች። “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ በዚያው መሣሪያሽ ምላሱንም ለኪልኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሲጨምር እንጂ ሲወርድ አላየሁትም።”